የኦቲሊያ አመድ

ኦቲሊያን ስንቀብር ከመንደሩ ሰው ይልቅ እንግዳው በዛ። ከሽቱትጋርትና ከሌላም ከተማ የመጡ፣ ውድ ካፖርት የለበሱ ሰዎች ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆመው ነበር። ግማሾቹ የልጅነታቸውን የበረዶ ወራት ያሳለፉት በእሷ ቤት ሰገነት ላይ ነው። ካህኑ በስብከቱ «ይህችን መንደር ለእንግዳ ከከፈቱ ሰዎች አንዷ» አላት። እኔ ከኋላ ቆሜ ፈገግ አልኩ። ኦቲሊያ ለእንግዶቹ ያደረገችላቸው የመጀመሪያ ነገር በረዶውን ማጥቆር ነበር።

ነገሩ የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በስምንተኛው ዓመት ነው። ተራራ ላይ ያለችው መንደራችን ሃልደንማት ሠላሳ ሁለት ቤት ነበራት፤ ጭስ የሚወጣው ግን ከሃያው አይበልጥም። እኔ ኢንስብሩክ ፍልስፍና ተምሬ ተመልሼ፣ በተወለድኩበት መንደር አስተምር ነበር። የቀሩኝ ተማሪዎች ሰባት ናቸው። ጎረምሳው ሁሉ ወደ ሸለቆው እየወረደ ፈትል ፋብሪካ ይገባል፤ የወረደም አይመለስም።

ኦቲሊያ ያኔ የአርባ ሰባት ዓመት ሴት ናት፤ ባሏ ሞቷል። ከሁለት ወንዶች ልጆቿ ታላቁ አልባን ፋብሪካ ገብቶ ቀርቷል። ለገና ይመጣል፣ ሁለት ቀን ሲያስል ይሰነብታል፣ ይሄዳል። አብሯት ያለው ታናሹ ሴቨሪን ብቻ ነው። በዚያ ዓመት የገና ማግስት አልባንን ሸኝተው ሲመለሱ ሴቨሪን ቁርጡን ነገራት።

«ገመዱ እስከ ፋሲካ በደንብ ከሠራ እቀራለሁ። ካልሠራ ግን፣ እማ፣ እኔም እወርዳለሁ።»

ገመዱ፣ እሱና የእንጨት መሰንጠቂያው ባለቤት ፍሪዶሊን ከአሮጌ የጭነት መኪና ባወጡት ሞተር የሚሽከረከር ነው። ስኪ የሚሉትን የበረዶ መንሸራተቻ ጣውላ እግሩ ላይ ያሰረ እንግዳ ይከፍልና፣ ገመዱን ጨብጦ ሽቅብ ይጎተታል፤ ከላይ ይለቅና ቁልቁል ይንሸራተታል፤ ከዚያ እንደገና ይጎተታል። ሽማግሌዎቻችን በረት ደጃፍ ቆመው «ለመውረድ ብሎ የሚወጣ ሰው አየን እኮ» ይባባሉ ነበር።

መንሸራተቻው የሚያልፈው በኦቲሊያ እርሻ ላይ ነው። ሌላ መንገድ የለም። በግራ ገደል ነው፤ በቀኝ ደግሞ የበረዶ ናዳን የሚያስቆምልን፣ ከአያቶቻችን ጀምሮ መጥረቢያ ያልነካው ጫካ አለ። ሴቨሪን ሲጠይቃት አላቅማማችም። «በረዶው የእግዜር ነው፤ የኔ ከሥሩ ያለው አፈር ነው። ይንሸራተቱበት» አለች። ስምምነቱን በወረቀት ያሰፈርኩት እኔ ነኝ፤ የተማረ ተብዬ። ስለ አጥሩ ጻፍኩ፣ ስለ ድንበር ድንጋዩ ጻፍኩ፣ ስለ ሞተሩ ጭስ እንኳ ጻፍኩ። ስለ አመዱ አልጻፍኩም።

በእኛ አገር የሙቀቱ ወራት አጭር ነው። በረዶው በራሱ ጊዜ እስኪቀልጥ የጠበቀ ሰው፣ ገብሱ ሳያፈራ አዲሱ በረዶ ይወርድበታል። ስለዚህ በየቤቱ የምድጃው አመድ በበርሜል ይጠራቀማል። በየካቲት፣ በቅዱስ ማትያስ ቀን፣ ሴቶች ወንፊትና ባልዲ ይዘው ይወጡና በእርሻቸው ላይ ባለው በረዶ ይነሰንሱታል። ጥቁር ነገር ፀሐይ ይስባል፤ በረዶው ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይሄዳል። ይህን የማያውቅ በሃልደንማት አልነበረም። እኔ አውቃለሁ፣ ሴቨሪንም በእናቱ ጀርባ ታዝሎ አይቶታል። ግን ገመዱን ስናቅድ አመዱ ከማናችንም ራስ ውስጥ አልገባም። የእንግዳው በረዶ ሌላ፣ የእናቶቻችን በረዶ ሌላ የሆነ ይመስል።

የማትያስ ዕለት ገመዱ ቆሞ ነበር። ሴቨሪንና ፍሪዶሊን የበረዶ ጋሪ ይዘው፣ ሳምንት ሙሉ የሚሰነብቱ ሃያ እንግዶች ሊያመጡ ባቡር ጣቢያ ወርደዋል። ይህን ያህል እንግዳ መጥቶልን አያውቅም። ሲመለሱ መሽቶ ስለነበር እርሻውን ማንም አላየውም።

በማግስቱ ፀሐይዋ ፏ ብላ ወጣች። መጀመሪያ የተንሸራተተው ወፈር ያለ የሽቱትጋርት ጥርስ ሐኪም ነበር። ከላይ በመልካም ፍጥነት መጣ፤ የኦቲሊያ እርሻ ላይ ሲደርስ ስኪው ቀጥ አለ፣ ሰውዬው ግን አልቆመም። ሲነሳ ፊቱ የከሰል ነጋዴ ፊት ሆኗል። ተከትለውት የመጡ ሦስት ሰዎችም ከላዩ ተደረቡ። ሐኪሙ አመዱን ከጢሙ እያራገፈ «ነገም እንዲህ ከሆነ ሌላ መንደር እንፈልጋለን» አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ሴቨሪን፣ ፍሪዶሊንና እኔ ወደ ኦቲሊያ ቤት ሄድን። ደጃፏ ላይ ወንፊቷን እያራገፈች አገኘናት።

«እማ፣ ምንድነው ያደረግሽው?» አላት ሴቨሪን።

«ምን አደረግሁ? ትናንት ማትያስ ነበራ።»

«ሰዎቹ በረዶ ፍለጋ አገር አቋርጠው መጡ፤ አንቺ ታቀልጪባቸዋለሽ?»

«እስከ ዛሬ ከገና ጀምሮ ሲንሸራተቱ አይደል እንዴ የከረሙት? አይጠግቡም?»

ፍሪዶሊን ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። «ባልሽ ነፍሱን ይማረውና፣ ኩራዝ ሲያጠፋ እንኳ ያስፈቅድሽ ነበር። አንቺ ተራራ ስታጠቁሪ ማንንም አታስፈቅጂም።»

«አንተ ዝም በል። የሚስትህ ገብስ ባለፈው ዓመት በረዶ ሥር ሲቀር ማን ነው አመድ ያበደራት?» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ አንተስ? ወረቀቱ ላይ አመድ አይነሰነስም የሚል ነበረ እንዴ?»

«የለም፣ እትዬ ኦቲሊያ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እኔ ደግሞ ረስቼው ይሆን ብዬ ደንግጬ ነበር።»

ሴቨሪን አልሳቀም። ደረጃው ላይ ተቀመጠና ጓንቱን አወለቀ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ቀስ ብሎ ነው። «ነገ ከሄዱ አልቋል፣ እማ። ሌላ ሰው አይመጣም።»

ኦቲሊያ ወንፊቱን አስቀመጠች። ልጇን አየች፤ ከዚያ ሽቅብ እርሻዋን አየች። አመዱ ወደ በረዶው መስመጥ ጀምሯል፤ ቁልቁለቱ ላይ የከሰል መልክ ያለው ሰፊ ቁራሽ ተዘርግቷል። የዓመቱ ገብሷና ድንቿ የሚበቅለው እዚያ ሥር ነው። ወደ ጎተራው ገባችና የጀርባ ቅርጫቷን ከምስማሩ አውርዳ ወጣች።

ያ ቅርጫት የአፈር ነው። እርሻችን ቁልቁለት ስለሆነ በረዶው ሲቀልጥ አፈሩ እየተንሸራተተ ግርጌ ይከማቻል። ሴቶቻችን በየዓመቱ ከግርጌ እየዛቁ፣ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ወደ ራስጌው ይመልሱታል። ከእርሻ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። ኦቲሊያ ግን ያን ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው ያመራችው። እዚያ ፀሐይ አይደርስም፤ ከጣሪያው የወረደው በረዶ ከሰው ቁመት በላይ ተቆልሏል። ቅርጫቷን ሞላች፣ ተሸከመች፣ እርሻዋ ላይ ወጥታ በጥቁሩ ላይ ገለበጠችው።

ፍሪዶሊን ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ «ይኸው አበደች» አለ። ግን ሚስቱ ከመስኮት አይታ ኖሮ፣ ከእሱ ቀድማ ቅርጫት አዝላ ወጣች። ከዚያ ሌላዋ ወጣች። እስከ ቀትር ድረስ የመንደሩ ሴቶች በሙሉ ሽቅብ ተሰልፈዋል። እኛ ወንዶቹ እየዛቅን እንሞላላቸዋለን። የገለበጡትን በረዶ፣ አዲስ በረዶ በጣለ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ እንደሚደለድሉት፣ ጎን ለጎን ቆመው በእግራቸው ረገጡት።

እንግዶቹ መጀመሪያ ቆመው አዩ። በኋላ ጥርስ ሐኪሙ አንድ ቅርጫት ስጡኝ አለ። መንገዱን ሳያጋምስ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ የኦቲሊያ እርሻ ላይ የደረሰው በረዶ ለአንድ ድስት አይበቃም። ያንን ቅርጫት እስኪሞት ድረስ ሲያወራው ኖረ፤ በሚያወራ ቁጥርም በረዶው ይጨምራል።

ፀሐይዋ ከጫፉ ስትጠልቅ ጥቁሩ አይታይም ነበር። ኦቲሊያ ቅርጫቷን ገልብጣ ተቀመጠችበት።

«ከእንግዲህ ከፋሲካ በፊት አልነሰንስም» አለች።

«ገብሱስ?» አለ ሴቨሪን።

«አይደርስማ። እንግዲህ ዳቦውን ከሸለቆ እንገዛለን።» ጫማዋን አውልቃ በረዶውን አራገፈች። «ልጅ ግን ከሸለቆ ሲገዛ አላየሁም።»

ሴቨሪን ቅርጫቷን ተቀብሏት ወደ ቤት ገባ። ስለ ፋብሪካው ከዚያ ወዲያ ሲያነሳ አልሰማሁም።

ገብሱ እንዳለችውም አልደረሰ። በመስከረም ማለቂያ ገና አረንጓዴ እንዳለ በረዶ ጣለበት፤ አጭዳ ለላሟ ሰጠችው። ዳር ላይ ቆማ ላሚቱ ስትበላ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ይህን የምጽፈው በኋላ የመጣው ሲሳይ ዋጋ ያልተከፈለበት እንዳይመስል ነው። በዓመቱ እርሻውን ሣር ዘራችበት። ከቤቷ ጀርባ መንሸራተቻው የማይደርስበት ጠባብ መደብ ነበራት፤ ድንቹን እዚያ ተከለች። በየማትያሱም አመዷን እዚያ ትነሰንሳለች። ሴቨሪን አገባ፣ ሰገነቱ የእንግዳ ክፍል ሆነ፣ ገመዱ በሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ በሚሄድ ወንበር ተተካ። ተማሪዎቼ ሃያ፣ ከዚያም አርባ ሆኑ።

ኢንስብሩክ ሳለሁ አንድ ነገር፣ ሰው ሳያየው፣ በራሱ ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ሁለት ዓመት አድክሞኝ ነበር። በረዶ በራሱ ምንድን ነው? ለኦቲሊያ በአፈሯ ላይ የተቀመጠ መዝጊያ ነበር፤ ለሐኪሙ ደስታ፤ ለሴቨሪን እናቱ ዘንድ መቅሪያ። መልሱን ዛሬም አላገኘሁትም። ያየሁት ቢኖር አንዲት ሴት በአንድ ጠዋት ከራሷ በረዶ ወጥታ ወደ ልጇ በረዶ ስትሻገር ነው። ያንን ለማድረግ ደግሞ አዲስ ነገር አልፈለገችም፤ የአፈር ቅርጫቷ በቃት።

ሰማንያ ሦስት ዓመት ሲሆናት በረዶው እምቢ አለ። ጥር ላይ ቁልቁለቱ ሣሩን አሳየን፤ ሴቨሪን ስልሳ ዓመቱ ነው፣ መስኮት ላይ ተቀምጦ እጁን ያፍተለትላል። ኦቲሊያ ናት ከምድጃው አጠገብ፣ «ድሮ የአይቡን ጓዳ የምናቀዘቅዝበትን በረዶ በምን ነበር የምናቆየው?» ያለችው። በሰጋቱራ ነው። መጋቢት ላይ በመጨረሻው የጣለውን ከጫካው ጥላ ሥር ቆለሉት፤ ከፍሪዶሊን መሰንጠቂያ ሰጋቱራ አምጥተው አለበሱት። በኅዳር ሲገልጡት ሁለት ሦስተኛው ሳይቀልጥ ቆይቶ ነበር።

ክምሩ ገና ሳይገለጥ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ከዚያ ቢጫ ክምር ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«አመድ ስትነሰንሺ ኖረሽ፣ አሁን በረዶ ጠባቂ ሆንሽ፣ እትዬ» አልኳት። እድሜ ሁለታችንንም አቀራርቦን አንቺ እላት ነበር።

«ምን ላድርግ፣ መምህር። ሲበዛ እንሸኘዋለን፣ ሲጠፋ እንለምነዋለን። ጎረቤት ነው እኮ።»

ዘንድሮ የማትያስ ቀን በረንዳዬ ላይ ነበርኩ። የሴቨሪን ልጅ ብሪጊታ ከቤቱ ጀርባ የአያቷን ወንፊት ይዛ፣ በጠባቡ መደብ ላይ አመድ ትነሰንሳለች። ጨርሳ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ሽቅብ አየች። ከጫካው ጥላ ሥር፣ ለሚቀጥለው ዓመት የሚቆለለውን በረዶ የሚያለብሰው ሰጋቱራ መጥቶ እየጠበቃት ነው።