ለሦስት ሰው የተጻፈ «ለእርስዎ ብቻ»

ሰዎቹን በቅድሚያ ላስታውቅ። አንደኛዋ ልጄ ናት። ያኔ ዳባት አስተማሪ ነበረች፤ ወንዶቹ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ሲወርዱ ጃናሞራ ላይ ስለሚቀሩ ሴቶች ልብ ወለድ ጽፋ ነበር። ሁለተኛው ጎንደር መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ረቂቅ እየተቀበለ አዲስ አበባ ላሉ አሳታሚዎች ያደርሳል፤ ከታተመ ኮሚሽኑን ይወስዳል። ሦስተኛው ደባርቅ የሚኖር ጡረተኛ ሹም ነው፤ እሱ ያላየው ጽሑፍ ከዚህ አገር እንደማይወጣ በየሻይ ቤቱ ይናገራል። አራተኛው የኔታ ናቸው፤ ለብዙ ዘመን ቅኔ ያስተማሩ አዛውንት። የወንድማቸው ልጅ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት አለው። አምስተኛው አሳታሚው ነው፤ ድምፁን በስልክ ሰማሁት እንጂ መልኩን አላውቀውም። ስድስተኛው እኔ ነኝ።

ዛሬ ደባርቅ ውስጥ ደራሲ ነኝ የሚል ሁሉ ምክር ፍለጋ ወደ እኔ ይመጣል። ረቂቁን ለስንት ሰው እንደሰጠ እጠይቀዋለሁ። «ለአምስት» ይላል፤ ደረቱን ነፍቶ። አምስቱ አንዱ ስለ ሌላው ያውቃል ወይ ስለው ይስቃል። እንዲህ ያለውን ሰው እንቀዋለሁ። ሰው መብራት እያቃጠለ፣ ሥራውን እያስታጎለ ያነብለታል፤ እሱ ግን አንባቢዎቹን እንደ ሎተሪ ቲኬት ይቆጥራቸዋል። የምንቀው ስለማውቀው ነው። እኔም አንዱ ነበርኩ።

ልጄ ጽሑፏን ስትጨርስ ከመጽሐፍ ሻጩ፣ ከጡረተኛውና ከየኔታ ለአንዱ ብቻ ሰጥተን እንድንጠብቅ ፈልጋ ነበር።

«አንዱ ቢተኛበትስ?» አልኳት።

«እንግዲያው ለሦስቱም እንስጥ፤ ግን ለሌሎቹም መስጠታችንን እንንገራቸው፣ አባዬ።»

«ከነገርሻቸው ማን ያነብልሻል?»

እሷ ረቂቁን እጄ ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ እኔ ያሸነፍኩ መሰለኝ። ማንበብና መጻፍ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ በእጅ ጽሕፈቴ እኮራለሁ። ሦስቱንም ደብዳቤ እኔው ጻፍኩ፤ በሦስቱም ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አሰፈርኩ፦ «ይህን ረቂቅ ከእርስዎ በቀር ለማንም አላሳየንም፤ እውቀትዎንና ቅንነትዎን አምነን ለእርስዎ ብቻ ሰጥተናል።»

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ይህችኑ ልጄን ለማግባት ሽማግሌ የላከ ሰው ነበር። በዚያው ሳምንት ሌላም ቤት ሽማግሌ መላኩን ሰማሁ። ሽማግሌዎቹን ከበር መለስኳቸው፤ ሰውየውንም ከዚያ በኋላ ሰላምታ ነፈግሁት። ደብዳቤዎቹን ስጽፍ ይህ ነገር ትዝ አላለኝም። የራስን ነገር ለመርሳት ማንም ሰው ጎበዝ ነው።

አራት ወር አለፈ። አንድ የገበያ ቀን የኔታ ረቂቁን በነጠላ ጠቅልለው ቤቴ መጡ። እያንዳንዱን ገጽ በእርሳስ አርመውታል።

«አንተ ሰው፣ ይችን ልጅ ከየት አገኘሃት?» አሉኝ። «ሁለት ቦታ ላይ አልቅሻለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን በቅሎዋ ከሞተች በኋላ ጨው ጭና ትሄዳለች። ወይ አትግደያት ወይ አታስጭኛት በላት።»

አብረን ሳቅን። ለወንድማቸው ልጅ ደብዳቤ ሊጽፉ ወረቀት ሲጠይቁኝ መጽሐፍ ሻጩ ከጎንደር አውቶብስ ወርዶ በሩ ላይ ደረሰ።

«ምሥራች፣ ጋሼ!»

«ምስር ብላ።»

«አሳታሚው ወደደው! ውል እንዋዋል ብሏል። እንደዚህ ያመኑብኝ ሰው ደግሞ አይቼ አላውቅም፤ ደብዳቤዎን እንኳ አሳይቼዋለሁ።» አውጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ጀመር። «‹ከእርስዎ በቀር ለማንም አላሳየንም...›»

«ቀጥሎ ‹እውቀትዎንና ቅንነትዎን› ይላል?» አሉ የኔታ።

«አዎ! እንዴት አወቁ፣ አባቴ?»

የኔታ ከረቂቁ ገጾች መካከል የራሳቸውን ደብዳቤ አውጥተው አቀበሉት። መጽሐፍ ሻጩ ሁለቱን አስተያየና ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ በካርቦን ነው እንዴ የሚጽፉት? ሌላ ስንት አለ?»

«አንድ፤ ጡረተኛው ሹም ዘንድ» አልኩ።

የኔታ ከዘራቸውን ያዙ። «ለሌላም ሰጥቻለሁ ብትለኝ አላነብልህም ነበር? አነብልህ ነበር። አሁን ለወንድሜ ልጅ ምን ብዬ ልጻፍለት? ለእኔ ብቻ ተሰጠኝ ልበለው?» ረቂቁን አግዳሚው ላይ ትተውት ወጡ። ልሸኛቸው ብነሳ በእጃቸው ከለከሉኝ።

መጽሐፍ ሻጩ ከየኔታ ይልቅ ነጋዴ ነበርና አልተቀየመም። «ዛሬውኑ ጡረተኛው ዘንድ ሄደው ያስመልሱት፤ ይህን ብቻ ያድርጉልኝ» አለኝ። የጡረተኛው ቤት ከቤቴ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ሦስት ቀን አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ እል ነበር፤ እውነቱ እሱ ፊት ቆሜ ዋሽቼሃለሁ ማለት ሞት መስሎ ስለታየኝ ነው። በአራተኛው ቀን ስሄድ ረቂቁን ይዞ አዲስ አበባ ወርዷል። ርዕሱን ቀይሮ፣ የስምንት ገጽ መቅድም ጨምሮ፣ ልጅቱን ያገኘኋት እኔ ነኝ ብሎ ለዚያው አሳታሚ ሰጠው። ስምንቱን ገጽ በኋላ አንብቤዋለሁ። ስድስቱ ስለ ራሱ ነው።

አሳታሚው በሞባይሌ ደወለ።

«የዚህ መጽሐፍ ወኪል ማነው?»

«የጎንደሩ ሰውዬ ነው።»

«የደባርቁስ? እሱም ‹ለእርስዎ ብቻ› የሚል ደብዳቤ አለው። እርስዎ አባት ነዎት፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። ነገ ሦስተኛ ሰው ቢመጣብኝ ማንን ልክሰስ?»

«ሦስተኛው እንኳ አይመጣም» አልኩ።

«አለ ማለት ነው?»

እሱም ስልኩን ዘጋው። ሁለቱም ቅጂ በአንድ ፖስታ ተመልሶ መጣ።

ለልጄ ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የኔታ ያረሙትን ቅጂ ብቻ ጠየቀችኝ። ይዛው ሄዳ ደጃቸው ላይ ይቅርታ ለመነች፤ እሷን ይቅር አሏት። እኔን ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንገድ ሲያገኙኝ «እንደምን ዋሉ» ይሉኛል፤ እንደ ባዕድ።

ስለዚህ ለሚመጡት ደራሲዎች የምለው አጭር ነው። ለብዙ ሰው መስጠት ነውር የለውም፤ ለእያንዳንዱ ብቻህን ነህ ማለት ነው ነውሩ። አንዱ እሺ ካለህ በዚያው ቀን ለሌሎቹ ንገር፤ በአራተኛው ቀን አይደለም። ይህን ስነግራቸው እሺ ብለው ይሄዳሉ፤ ስድስተኛ ሰው ፍለጋ።

ልጄ ከመምህራን ቁጠባ ማኅበር ተበድራ መጽሐፉን ጎንደር በራሷ ወጪ አሳተመችው። ብድሩን ከፍላ የጨረሰችው በሦስት ዓመት ነው። የእሷን የሕትመት ዋጋ፣ የመጽሐፍ ሻጩንና የጡረተኛውን መንገድ፣ የእኔን የማስተየቢያና የፎቶ ኮፒ ክፍያ አንድ ላይ ብንይዘው፣ ነገሩ ሁላችንንም ያስወጣን አሥራ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ብር ነው፤ ከዚህ ውስጥ የእኔ ድርሻ ሦስት መቶ ሰማንያ ብቻ ነበር።