ሲነበብ የሚባዛው መጽሐፍ

አቶ ገብረመድኅን በሐረር የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ። ከዚያ በፊት ጎጃም ውስጥ ብራና ፍቀው ዳዊት ይጽፉ ነበር። ስለ መጽሐፍ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ይህንንም የነገሩን ራሳቸው ናቸው። በየማለዳው መደርደሪያውን ይወለውሉና ቁምሳጥኑን ይቆልፋሉ። ተማሪ የሚባል ፍጥረት ባይኖር ኖሮ ያ ቤት እንዴት ባማረበት!

በ1957 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ አንድ የአማርኛ ሰዋስው መጣልን። የማትሪክ ተፈታኞች አርባ ሦስት፣ መጽሐፉ አንድ። ርዕሰ መምህሩ ሌላ እንዲላክልን ጻፉ፤ በጀት የለም ተባለ። የአማርኛ መምህራችን በማባዣው መኪና እናባዛው አሉ። አቶ ገብረመድኅን ግን ገለጥ አደረጉና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፦ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው። ያለ ደራሲው ፈቃድ ማባዛት ክልክል ነው።»

እሳቸው ባደጉበት ደብር መጽሐፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፈው ለውግዘት ነው፤ የሰረቀ፣ የፋቀ ውጉዝ ይሁን ይላል። የገለበጠ ውጉዝ ይሁን የሚል ብራና ግን ዕድሜ ልካቸውን አላጋጠማቸውም። ስለዚህ ይህ ደራሲ የባሰ ኃይለኛ ጳጳስ መሆን አለበት ብለው ደመደሙና መጽሐፉን ቁምሳጥኑ ውስጥ ቆለፉት። ማባዛቱ ይቅር፣ ማንበቡ ለምን ይከለከላል ብንላቸው፣ የቆሎ ትምህርት ቤቱን ሥርዓት አመጡብን።

«ያነበበ በቃሉ ይይዛል፤ የያዘ ይጽፋል፤ የጻፈ አባዛ» አሉን።

ሽፋኑን በቁምሳጥኑ መስታወት ውስጥ ማየት ግን ለሁሉም ተፈቅዶ ነበር፤ ልግስናቸውን መካድ አይቻልም።

ከሁላችን የጨነቀው ከድርን ነው። ቤታቸው ጀጎል ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ ነው። በሒሳብ የሚስተካከለው አልነበረም። አማርኛን ግን የተማረው ከትምህርት ቤት ነው፤ በቤታቸው የሚነገረው ሐረሪ ነው። በአማርኛ ከወደቀ ዩኒቨርሲቲ የለም። በየቀኑ እየመጣ፣ እዚሁ ፊትዎ ቁጭ ብዬ አንድ ሰዓት ብቻ ላንብበው እያለ ይለምናቸው ነበር። አቶ ገብረመድኅን ክፉ ሰው አልነበሩም። አንጀታቸውን ስለበላው ለደራሲው ደብዳቤ ጻፉ፤ መጨረሻው ላይም «አባቴ ይፍቱኝ» ብለው ፈረሙ።

መልሱ ነሐሴ ላይ ደረሰ። ያን ጊዜ ፈተናው አልፏል፣ ውጤቱም ተለጥፏል። ከድር በአማርኛ ብቻ ወድቆ በአጎቱ ሱቅ ጨርቅ መለካት ጀምሯል። እኔ አልፌያለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ጓዜን ሸክፌ ልሰናበታቸው ብሄድ፣ አቶ ገብረመድኅን ደብዳቤውን እንደያዙ አገኘኋቸው። አነበቡልኝ። ደራሲው ጳጳስ ሳይሆኑ ጡረታ የወጡ መምህር ኖረዋል፦ «እግዚአብሔር ይፍታዎ። ለተማሪዎችዎ ያባዙላቸው፤ ፈቅጃለሁ። ማንበብን ግን መቼ ከለከልሁ?»

ዓመቱን ሙሉ ስስቅባቸው የከረምኩ ሰው፣ ያን ቀን አሳዘኑኝ።

«እኔስ አላወቅሁም፤ በደልኩት» አሉ። «በዚህ ሁሉ ከተማ ግን፣ ለዚያ ልጅ ይህን መጽሐፍ የሚያውሰው አንድ ሰው ጠፋ?»

አጎቴ ከአዲስ አበባ የላከልኝ ይኸው መጽሐፍ ዓመቱን ሙሉ ፍራሼ ሥር ነበር። ከድር እንዳይበልጠኝ ብዬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

«ጠፋ፣ ጋሼ» አልኳቸው።