በመደርደሪያውና በማሽኑ መካከል

ካጌሃ ካካሜጋ ከተማ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ሒሳብ ተቀባይ ናት። ሥራው ተቀምጦ የሚሠራ ይመስላል፤ ወንበሩ ግን የሚያገለግለው ገዢ በሌለበት ሰዓት ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ የጡረታ ገንዘብ ሲከፈል፣ የገና ሰሞን፣ ቆማ ነው የምትውለው። አመሻሽ ላይ ማታቱ ከሚባለው ሚኒባስ ስትወርድ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሳሩን እየረገጠች ትመጣለች። እኛ ጎረቤቶቿ እንዴት ዋልሽ ስንላት፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬም ተሰድበን ገባን» ትለናለች።

ስድቡ የሚመጣው ከዋጋ ነው። በእኛ ገበያ ዋጋ የሻጩ ነው። ሻጩ ይጠራል፣ ገዢው ያወርዳል፣ ሁለቱም ትንሽ ይኮራረፉና ይስማማሉ። ከገጠር የሚመጡ እናቶች ሱፐርማርኬቱ ውስጥም ነገሩ እንደዚያው ይመስላቸዋል። ዕቃው ያለው ካጌሃ ፊት ነው፤ ገንዘቡን የምትቀበለውም እሷ ናት። እንግዲህ ሻጯ እሷ ናት ማለት ነው።

«ልጄ፣ ስኳሩን ትንሽ ዝቅ አድርጊልኝ እንጂ።»

«እማማ፣ እዚህ አይቀነስም።»

«ለባዕድ አይቀነስም። እኔና አንቺ የአንድ መንደር ሰዎች አይደለን?»

«እኔ አይደለሁም፣ ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑንስ ተይው፣ እሱ አያውቀኝም።»

ነገሩ ይሄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳቅ ነበር። የከፋው መደርደሪያው ላይ ያለው ወረቀት አንድ ዋጋ እያሳየ ማሽኑ ሌላ መጥራቱ ነው። ዋጋ የሚቀየረው ናይሮቢ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት ነው። አዲሱ ዋጋ በሩ ሳይከፈት ማሽኑ ውስጥ ይገባል። ወረቀቱን ግን በእጅ የሚቀይረው አንድ ሠራተኛ ነው፤ እሱም ጭነት ያወርዳል፣ ወለል ያጥባል፣ ጊዜ ሲተርፈው ወረቀት ይለጥፋል። ዋጋ ሲጨምር ቀድሞ የሚያውቀው ማሽኑ ነው። ቅናሽ ሲሆን ደግሞ ወረቀቱ በቀይ ቀለም ቀድሞ ይለጠፍና ማሽኑ ሳይሰማ ይውላል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ገዢው ነው።

አይቶ የተናገረ ሰው ይስተካከልለታል። ደወል ይደወላል፣ ተቆጣጣሪዋ መጥታ ዋጋውን ታርማለች። ማንበብ የማይችለው፣ የቸኮለው፣ በሰው ፊት መከራከር የሚያፍረው ግን ከፍሎ ይሄዳል። ካጌሃ ይህን ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ሉስዌቲ ነግራዋለች። ክፉ ሰው አይደለም፣ የደከመ ሰው ነው። «ካጌሃ፣ የተናገረ ይታረምለታል። ያልተናገረ ደግሞ ረክቶ ሄዷል ማለት ነው» አላት። እሷም ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

ባለፈው ዓመት ልጇ ሚናዮ ታጨች። የእጮኛዋ ወገኖች፣ እነ ማሲንዴ፣ ለጥሎሽ ስለሚሰጡት ከብት ሊነጋገሩ ቅዳሜ ከቡንጎማ እንዲመጡ ተቀጠረ። እንዲህ ባለ ቀን አባትም እናትም ቢጎድሉ ሰው ይተካል። ሴንጌዋ፣ ማለትም የአባቷ እህት፣ ከጎደለች ግን ነገሩ ይቀራል። ልጅቷን እጇን ይዛ ከጓዳ የምታወጣት፣ «ይቺ ናት ልጃችን» ብላ የምታሳያት ሴንጌዋ ናት። የሚናዮ ሴንጌ ራሶዋ ናቸው፤ ቻቫካሊ ገበያ ሙዝ የሚሸጡ፣ ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ማንንም ጎንበስ ብለው ያልለመኑ ሴት።

የዚያ ሳምንት ማክሰኞ ራሶዋ ለሚናዮ ትከሻ የሚሆን ሌሶ ሊገዙ ወደ ከተማ ወጡ። ቢጫ፣ ዳሩ ላይ ጥቁር አበባ ያለበት ጨርቅ መረጡ። ይዘው ካጌሃ ወዳለችበት ሰልፍ መጡ፤ ሌላው ሰልፍ ያጥር ነበር፣ እሳቸው ግን የወንድማቸው ሚስት ያለችበትን መረጡ።

ካጌሃ ጨርቁን ማሽኑ ላይ አሳለፈች። «ስድስት መቶ ሃምሳ ሺሊንግ ይላል፣ እትዬ።»

«ስንት አልሽ? እዚያ ላይ አራት መቶ ሃምሳ ነው። ዘበኛውን አስነብቤ ነው ያነሣሁት።»

ካጌሃ ደወለች። ተቆጣጣሪዋ ዝርዝር ገንዘብ ልታመጣ ባንክ ሄዳ ነበር። እንደገና ደወለች። ሰልፉ እስከ ሳሙናው መደርደሪያ ደርሷል።

«እማማ፣ ወይ ይክፈሉ ወይ ይለፉ፣ እኛም ቤት አለን» አለ ከኋላ የቆመ ሰው።

«ተዋቸው፣ ማሽኑ ጸሎት ላይ ነው» አለ ሌላው፤ ሰው ሳቀ።

ራሶዋ በእሳቸው የተሳቀ መሰላቸው። «ቀንሽልኝና ልሂድ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«በእኔ እጅ አይደለም፣ እትዬ። ትንሽ ይጠብቁኝ።»

«የነካው ጣትሽ አይደለም እንዴ?»

«ጣቴ ነው፤ ግን ዋጋው…»

«ገባኝ። የባሕር ዛፉ ነገር አልወጣልሽም።» ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ራሶዋ በሁለቱ ቤት መሬት ድንበር ላይ የቆመውን ባሕር ዛፍ ሳያማክሩ ሸጠውት ነበር፤ ካጌሃም አንድ ቀን አጉረምርማለች። «የዛፉን ዋጋ ከጨርቁ ላይ እያስመለስሽ ነው። ይሁን። ቅዳሜ ሌላ ሴንጌ ፈልጉ።»

ጨርቁን ትተው ወጡ። ካጌሃ ተከትላ ልትወጣ አትችልም፤ ገንዘብ ያለበትን ሣጥን ጥላ የምትሄድ ሒሳብ ተቀባይ በማግስቱ አትመለስም። ሌሶውን እግሯ ሥር ያለው ቅርጫት ውስጥ አስቀመጠችው። ቅርጫቱ ሰው ዋጋውን ሰምቶ የተዋቸው ዕቃዎች የሚቀመጡበት ነው፤ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ የሕፃን ካልሲ፣ አንድ ሳሙና ነበረበት። ከዚያ ቀና ብላ «ቀጣይ» አለች።

ማታ ኡጋሊው፣ የበቆሎ ገንፎው፣ ቀርቦ ማንም እጁን አልሰደደም። ባሏ አጌዛ ግንበኛ ነው። እሱም፣ «እህቴን አውቃታለሁ፣ ይቅርታ ስትቀበል አይቻት አላውቅም፤ ሙዝ ስትቀንስም እንደዚያው» አለ።

«አንተ ወንድሟ አይደለህ? ሂድና ንገራት» አለችው ካጌሃ።

«እኔ ብሄድ ወሬው ስለ ዛፉ ይሆናል። ስለ ዛፉ ደግሞ እውነቱ ከእኔ ጋር ስለሆነ ጨርሶ አታስቀምጠኝም።»

ሚናዮ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ለእነ ማሲንዴ እንንገራቸው በቃ፤ አይምጡ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ካጌሃን የጎዳትም ይሄ ነው። ልጅቷ ተስፋ መቁረጥን ከእናቷ የተማረች መሰላት።

ከመተኛቷ በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጸለየች። ንጹሕነቴን አሳይልኝ አላለችም። ጌታ ሆይ፣ የምናገረውን ቃል ስጠኝ ብቻ አለች።

ረቡዕ የዕረፍት ቀኗ ነው። ቻቫካሊ ስትደርስ ራሶዋ ጆንያ ላይ ሙዝ ዘርግተው ቆመው አገኘቻቸው። ቁጭ በይ አላሏትም።

«እትዬ፣ ዋጋውን የማወጣው እኔ አይደለሁም። ሰው ነግሮኝ ሳይሆን ማሽኑ ላይ ሳይ ነው እኔም የማውቀው። ወረቀቱ ሳይቀየር ይቆያል…»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕቃው ላይ ተቀምጠሽ ዋጋው የእኔ አይደለም ትይኛለሽ? ሙዝ ሻጭ ነኝ እንጂ ሙዝ አይደለሁም፣ የሚናዮ እናት።»

ቃል የለመነችው ሴት ሌላ የምትለው አጣች። በዚህ መካከል ሙዝ የጫነው መኪና ጡሩምባውን ነፋ። ከሌሎቹ ቀድሞ ያልደረሰ ሻጭ የተጨፈለቀውን ነው የሚያነሣው። ራሶዋ መኪናውንም ካጌሃንም አዩ።

«በይ ዕቃዬን እያየሽ ቆዪ። ሌባ ብትሆኚ እንኳ የቤት ሌባ ነሽ» ብለው ሄዱ።

ካጌሃ ከጆንያው ኋላ ቆመች። ሕፃን ያዘለች ሴት መጥታ አንዱን ዘለላ አነሣች።

«ይቺ ስንት ናት?»

ካጌሃ ዘለላውን ተቀብላ አየችው። ገለበጠችው። ከሥሩም አየችው። «ባለቤቷ አሁን ይመጣሉ» አለች።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ ያለሽው? ሰማንያ ልስጥሽ?»

«አላውቅም።»

«ሰባስ?»

«እሱንም አላውቅም፣ እህቴ። እውነቴን ነው።»

ጎን ያለችው ቲማቲም ሻጭ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ኧረ እናንተ፣ ይቺን ሴት እዩልኝ! ገዢዋ ቁልቁል ስትወርድ እሷ ቆማ ትሸኛታለች። ነፃ ነው በያትና ይለይልሽ።»

ካጌሃ መቶ በይ የሚላት ሐሳብ መጥቶላት ነበር። ግን ከአፏ የሚወጣ አልሆነም። ያ ሁሉ ዓመት ሌላ ሰው የወሰነውን ቁጥር ስታነብ ኖራ፣ ከራሷ ቁጥር መጥራት እንደ መስረቅ ሆነባት። ቀና ስትል ራሶዋ ጭነታቸውን ራሳቸው ላይ ይዘው ከኋላ ቆመው ያዩአታል። ምን ያህል እንደቆሙ አታውቅም።

«መቶ ሃያ» አሉ ራሶዋ ጭነቱን ሳያወርዱ።

«ሰባ አምስት» አለች ሴትዮዋ።

«ለሕፃኑ ስል መቶ። እናቱንማ መቶ ሠላሳ ነበር የምላት።»

በዘጠና ተስማሙ። ሴትዮዋ ስትሄድ ራሶዋ ጭነቱን አወረዱ፣ ላባቸውን በመቀነታቸው ጠረጉ፣ ካጌሃን ትክ ብለው አዩአት።

«ሙዙን ለምን አገላበጥሽው?»

«ዋጋው ተጽፎበት እንደሆነ ብዬ።»

ቲማቲም ሻጯ እንደገና ልትስቅ ስትል ራሶዋ በእጃቸው ዝም አሰኟት።

«ለካ እውነትሽን ኖሯል» አሉ ቀስ ብለው። «ታዲያ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የተባለውን አነባለሁ። ስድቡንም እኔው እቀበላለሁ።»

«ዋጋውን የሚጠራው ሰውዬስ?»

«አይቼው አላውቅም።»

«አንድም ቀን መጥቶ ገዢ ፊት አልቆመም?»

«አንድም ቀን።»

ራሶዋ ባዶ ጆንያ አጣጥፈው መሬት ላይ አነጠፉ። «ቁጭ በይ» አሉ። «እግርሽ አብጧል።» ስለ ቅዳሜ ምንም ሳይሉ ሙዛቸውን መደርደር ጀመሩ። ካጌሃም አልጠየቀች። እስከ ቀትር አጠገባቸው ተቀምጣ ዋለች፤ አንድም ዘለላ አልሸጠችም።

ሐሙስ ዕለት ራሶዋ ሱፐርማርኬቱ መጡ። ወደ መደርደሪያው የተመለሰውን ያንኑ ቢጫ ሌሶ አነሡ። ወረቀቱ አሁንም አራት መቶ ሃምሳ ይላል፤ ማሽኑም አሁንም ስድስት መቶ ሃምሳ አለ።

«አንቺን አልጠይቅሽም» አሉ ካጌሃን፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው። «የሚጠየቀውን ጥሪልኝ። ቆሜ እጠብቃለሁ።»

ካጌሃ ደወለች። ከኋላ ያጉረመርማሉ፣ ቅርጫት ያንኳኳሉ። በሌላ ቀን ቢሆን ሰልፉን ፈርታ «እትዬ፣ ለጊዜው ይክፈሉ» ትል ነበር። አሁን እጇን ከማሽኑ አነሣችና ጠበቀች። ሲቆይ አቶ ሉስዌቲ ራሱ መጣ።

«ምንድን ነው ችግሩ፣ እናቴ?»

«ችግር የለም። ይህን ዋጋ የጠራኸው አንተ ነህ?»

«እኔ አይደለሁም፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የሚመጣው።»

«አንተም አይደለህም? ጉድ ነው። ይቺም አይደለችም፣ አንተም አይደለህም። እንግዲህ ጠሪው እስኪገኝ ወረቀቱ ያለውን እከፍላለሁ። ወረቀቱን ቢያንስ አይቼዋለሁ።»

ሰው ሳቀ፤ የዚህ ጊዜው ሳቅ ግን ከራሶዋ ጋር ነበር። አቶ ሉስዌቲ ቁልፉን አውጥቶ ዋጋውን አረመ። ሊሄድ ሲል ከኋላ አንዲት ሴት፣ «የእኔንም ዘይት እዩልኝ» አለች። ቀጥሎ ሩዝ የያዘ ሽማግሌ። አቶ ሉስዌቲ እስከ ሥራ መውጫ ካጌሃ ማሽን አጠገብ ቆሞ ዋለ።

ሲመሽ፣ «ደወሉን አታብዢ፣ ሰልፉ ይረዝማል» አላት።

«ሰው ካልጠየቀኝ አልደውልም፣ አቶ ሉስዌቲ። ከጠየቀኝ ግን እጠብቃለሁ።»

ወረቀቶቹም ከዚያ ወዲህ ቶሎ ተቀየሩ ብዬ አልዋሽም፤ እንደዘገዩ ናቸው። አሁን ግን ካጌሃ ፊት የሚቆም ሰው ወረቀቱ ምን እንደሚል አንብቦ፣ ካልቻለም አስነብቦ ይመጣል።

ቅዳሜ ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ የግቢው በር ተንኳኳ። ካጌሃ ዓርብን ሙሉ ቆማ ውላ ስለነበር ሰምታም መነሣት አቃታት። አጌዛ በሩን ሲከፍት፣ ከዚያ ሚናዮ ስትሮጥ፣ ከዚያ የራሶዋ ድምፅ ተሰማት።

«ፀጉርሽ ምን ሆኗል? ቁጭ በይ፣ ላበጥርሽ። አንተ ደግሞ ወንበር ተዋስ፣ የጎረቤት ወንበር ሁሉ ይምጣ።»

«እማዬን ልቀስቅሳት?» አለች ሚናዮ።

«ለምን ሲባል? እንግዶቹ የሚመጡት በቀትር ነው። ትተኛ።»

ካጌሃ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ጌታ ሆይ ተመስገን አለች። ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ሳበችና ወደ ግድግዳው ዞረች።