እምቢ ያልተባለው ሰው

ልብስ ሰፊው ሜትሩ ከአንገቱ ስለማይወርድ ሰፈርተኛው «ሜትሬ» ይለዋል። ሚስቱ እዚያው ሱቅ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትዘመዝማለች። በትዳራቸው ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ነገር የመጣው ከፊት ለፊታቸው ያለችውን ባዶ ክፍል ሰዓት ሠሪው የተከራያት ዕለት ነው። ሰውየው ከመንገዱ ማዶ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ሲላት፣ ሚስትየዋን መርፌው ጣቷን ወጋት።

ሜትሬ ቀስ እያለ አውጣጣት። ለካ ሰውየው ድሮ ላግባሽ ብሏት ኖሯል።

«እምቢ አላልሽውም?»

«አዎ።»

«አዎ ምን? አዎ ብዬዋለሁ ነው ወይስ አዎ አላልኩትም?»

«አላልኩትም።»

«እሺ ብዬዋለሁ በያ!»

«እሱስ ከአፌ አልወጣም። ዝም አልኩ፤ ከዚያ አንተ መጣህ።»

እምቢ ካልተባለማ እሺ ተብሏል ብሎ ደመደመ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለ ዓይኑን ከማዶ አልነቅል አለ። አንድ ቀን ሰዓት ሠሪው ብቻውን ፈገግ ሲል አየና፣ ካውያውን የአንድ ሙሽራ ሱሪ ላይ ረስቶት መቀመጫው ላይ በሳው። ሙሽራው ሰድቦት እንደወጣ መንገዱን ተሻገረ።

«አንተ ሰውዬ! ከሚስቴ ምን ትፈልጋለህ?»

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ከዓይኑ አወረደ። «ምንም። ያኔ እምቢ ብትለኝ ኖሮ አግብቼ ልጅ አሳድግ ነበር። ስላላለችኝ እሺ ያለችኝ መስሎኝ ጠበቅኩ።»

ሜትሬ ለመምታት ያነሳው እጅ ወረደ። ሰውየው የተሳሳተው እሱ ራሱ በተሳሳተበት መንገድ ነበር።

«ሂጂና እምቢ በይው» አላት ተመልሶ።

«አንተን አግብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ?»

«እሱ አልሰማውማ!»

ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ ሄደች። ሜትሬ በመስኮት ያያል። በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ተናገረች፣ ዝም አለች፣ ደግሞ ተናገረች። ሰውየው ራሱን ይነቀንቃል። ካውያው በረደ። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

«ለአንዲት እምቢ ይህን ያህል?»

«በአንድ ቃል የሚያልቅ አልነበረማ።»

ሰዓት ሠሪው ብዙም ሳይቆይ ዕቃውን ጭኖ ሄደ፤ አግብቷል ተባለ። ሜትሬ ግን አልቀለለውም። እሱ ራሱ ላግባሽ ሲላት «እሺ» ያለችው ከምትዘመዝመው ጠርዝ ቀና እንኳ ሳትል ነበር። ያቺን የመሰለች እምቢታ ለሌላ ሰው መሰጠቷ አንገበገበው።

«እስቲ እኔንም አንድ ቀን እምቢ በይኝ» አላት።

ክሩን በጥርሷ በጥሳ ሳቀች። ሜትሬ እየቀለደ አልነበረም።