ቀዩ ቦት ጫማ

ይህ የሆነው የዛሬ አራት ዓመት ኤምሬትስ፣ አል ዓይን ከተማ ውስጥ ነው። እረሳዋለሁ ብዬ ነበር። አልረሳሁትም፤ ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የምሠራው አል ሙዋይጂ ሰፈር፣ አንድ ቤተሰብ ቤት ነበር። ሰይፍ የሚባል የአምስት ዓመት ልጃቸውን አሳድጋለሁ። በየሳምንቱ መጨረሻ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የተምር እርሻቸው ሄደን እናድራለን። እዚያ እባብ አለ። የገጠር ልጅ ስለሆንኩ እባብ አይቼ አልጮህም፤ ግን በነጠላ ጫማ አሸዋ መርገጥ ያስፈራኛል።

ስለዚህ አንድ ዘዴ ያዝኩ። አመሻሽ ላይ ልጁ የሚጫወትበትን አሸዋ በዘንባባ ቅጠል ጠርጌ አስተካክላለሁ፤ ጠዋት ማልጄ ዱካ አያለሁ። በብርዱ ወራት ዱካ እምብዛም የለም፤ እኩለ ቀን ላይ ግን አልፎ አልፎ ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸዋለሁ። ሙቀት ሲጀምር ዱካው ይበዛል። በሐሩሩ ጊዜ ቀን አንድም አይታይም፣ አሸዋው ግን ሌሊቱን ሲሄዱ እንዳደሩ ይናገራል። የምፈራው ቀንዳሙን ነው። በጎኑ ስለሚሄድ እንደ መሰላል የተጋደመ መስመር ይተዋል።

የሰይፍን እናት፣ ማዳምን፣ ቦት ጫማ ለመንኳት። በብርዱ ጊዜ "አሁን እባብ የለም" አለች። ሙቀት ሲጀምር "ኢንሻላህ፣ በሚቀጥለው ሳምንት።" በሐሩሩ ደግሞ "እግርሽን ይቀቅለዋል" ብላኝ አረፈች። አብራኝ የምትሠራው ምግብ አብሳይ አልማዝ "እባብ ያየ በልጥ በረየ" እያለች ትቀልድብኛለች።

ሐሩሩ በረድ ሲል አንድ ጠዋት ሰይፍ ከእንቅልፉ እንደተነሳ በባዶ እግሩ ወደ ዥዋዥዌው ሮጠ። አሸዋውን አየሁ። የተጋደመው መስመር ዥዋዥዌው ሥር ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ ግን አይወጣም።

ከኋላው ሸሚዙን ይዤ ጎተትኩት። ሸሚዙ ተቀደደ፣ ሁለታችንም ወደቅን። እግሩ ሊያርፍ በነበረበት ቦታ ሁለት ዓይንና ሁለት ቀንድ ከአሸዋው ብቅ ብለው ነበር።

የእርሻው ሠራተኛ በረጅም እንጨት አንስቶ ወሰደው። ማዳም ልጇን አቅፋ አለቀሰች። እኔንም ሳመችኝ፤ "አላህ ይጠብቅሽ" አለችኝ። እውነቴን ነው፣ ያን ሰዓት ወደድኳት።

ከሰዓት በኋላ ሹፌሩን ገበያ ላከችና ቦት ጫማ መጣ። ቀይ፣ ትንሽዬ፣ አንድ ጥንድ። የሰይፍ ነው።

"አድርጊለት" አለችኝ። "ከዛሬ ጀምሮ የትም ሲሄድ አንቺ ቅደሚ።"

"ማዳም፣ የኔስ?"

"አንቺማ ታውቂያቸዋለሽ፤ ምን ያደርጉሻል?"

ሰይፍ ሰምቶ አንዱን ቦት አወለቀና እኔ እግር ላይ ሊያስገባው ታገለ። ከጣቶቼ አላለፈም። ማዳም ከት ብላ ሳቀች። ያቺ ቀልደኛ አልማዝ እንኳ ፊቷን አዞረች።

የሚያንገበግበኝ ግን ሳቋ ብቻ አይደለም። መቅደሜ ነው። ኮንትራቴ ሊያልቅ ሰባት ወር ቀርቶት ነበር፤ ሰባቱንም ወር በነጠላ ጫማ ከዚያ ቀይ ቦት ፊት ፊት ሄድኩ። አንድ ቀን እንኳ "አልቀድምም" አላልኩም።

አሁን አቡዳቢ፣ አል ካራማ ሰፈር ሌላ ቤት እሠራለሁ። እዚህ አስፋልት ነው፣ እባብ የለም። እንደመጣሁ በልኬ የገዛሁት ቦት ጫማ አልጋዬ ሥር ተቀምጧል። አንድ ቀንም አላደረግኩትም። አልጥለውምም።