አባቴ የሚፈልጉት ጠላት

የስደቱን ነገር የሚያወራ ሰው ሁሉ «ያቺ ሌሊት» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ግን በሌሊት መውጣት አልቻልሁም። ባሕር ዳር ሰዓት እላፊ ነበር፤ ከመሸ ወዲያ እንኳን ሰው ውሻም መንገድ አያቋርጥም። ስለዚህ የእኔ የመውጫ ሌሊት ቁጭ ብለን ያነጋነው ሌሊት ነው። እናቴ የተጠበሰ ቀረሶ በወረቀት ትጠቀልላለች፤ መልሳ ትፈታዋለች፤ «ዓሣ አውሮፕላን ላይ ይሸታል ይሉሽ ይሆን?» ትላለች። አባቴ ግድግዳውን ተደግፈው የተስቢሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። የወንድሜ የያሲን ጫማ በሩ ሥር እንደተቀመጠ ነው፤ የሚያነሣው ሰው አልተገኘም።

ያሲን ባጃጅ ይነዳ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ ሰው አድርሶ ሲመለስ ተኩስ መካከል ገባ ተባለ፤ ሬሳውን አመጡልን። ማን ተኮሰ? አንዱ «እነዚያ ናቸው» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ እነዚህ ናቸው» ይላል፤ የሁለቱም ወገን ለቅሶ መጥቶ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። አባቴ ለቅሶው ሳይበተን ቀና ብለው፣ «ልጄን የገደለችው ምስር ናት» አሉ። ሐይቁ ዳር ያሉ ሽማግሌዎች ግብፅን ምስር ነው የሚሏት። «ይሄ ሁሉ ጠመንጃ ከየት ይመጣል? ግድቡ ያንገበገበው ማን ነው? እሷ ናት ወንድም ከወንድሙ የምታጫርስ!» የተቀመጠው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «እውነትዎን ነው፣ ሸህ አብዱ» አለ። ቴሌቪዥኑም የሚለው ከዚያ አይርቅምና ማንም አልተከራከረም። እኔም አመንሁ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደንገል እያጨዱ ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ፣ ለግድቡ አዋጡ ሲባል ከሰው ቀድመው የተሰለፉ ሰው ናቸው፤ እንዴት አላምናቸውም?

ጎሕ ሲቀድ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። «አላህ ከክፉ ይሰውርሽ፤ የሰው ፊት ያብራልሽ፤ የጠላት ዓይን አይይሽ» አሉ። አሜን አልሁ። ወዴት እንደምሄድ አልጠየቁኝም። እኛ ዘንድ ይህ አይጠየቅም፤ «ዘይነባ አረብ አገር ልትሄድ ነው» ከተባለ በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ለእኛ አረብ አገር አንድ አገር ነው፤ አንድ ትልቅ ቤት፣ አንዲት ማዳም፣ የማያልቅ የሚተኮስ ልብስ። ሳውዲ ይሁን ቤሩት ይሁን ማን ይለየዋል? እኔ በልቤ ዱባይ ነበርሁ።

አዲስ አበባ ላይ ደላላው ቲኬቱን ሲሰጠኝ «ካይሮ» የሚል አነበብሁ።

«ይሄ የኔ አይደለም» አልሁት።

«ዘይነባ አይደለሽም?»

«ነኝ። ግን ይሄ እኮ ግብፅ ነው።»

«አረብ አገር ነው ያልሽኝ?» አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ። «ያውልሽ። አረቦች ናቸው፤ አገርም አላቸው። ምን ጎደለሽ?»

«አባቴ ጠላቶቻችን ናቸው ይላሉ።»

«አባትሽ አይደሉም የሚሄዱት» አለና ከኋላዬ ያለችውን ጠራ።

እኔስ ልመለስ ብል ወዴት? ያሲን የሞተበት ቤት እንጀራ የሚጠብቀው ከእኔ ብቻ ነበር። ሄድሁ።

ካይሮ የገባሁት በሐምሌ ነው። እናንተ ሐምሌን ታውቁታላችሁ፤ ጭቃው፣ ጎርፉ፣ ቀን የሚለበስ ጋቢ። እዚህ ሰማዩ ላይ የዳመና ዘር የለም፤ ሰው ዝናብ ሳያይ አርጅቶ ይሞታል። የአውሮፕላን ማረፊያው ሹም ፓስፖርቴን ይዞ «ከየት ነሽ?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«ከኢትዮጵያ።»

«ኢትዮጵያ የት?»

«ባሕር ዳር።» አላወቀውም። እኔ ሞኟ ደግሞ ማስረዳት አማረኝ። «ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ከተማ ነው» አልሁት።

ማኅተሙ አየር ላይ ቀረ። ወደ ጓደኛው ዞሮ በአረብኛ አንድ ነገር ጮኸ፤ ያኛው ሣቀ፤ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቃሉን አልረሳሁትምና ቋንቋው ሲገባኝ ፈታሁት፤ «የውሃው ቁልፍ እዚች ጋ ነው፣ ሻንጣዋን ፈትሹ» ነበር ያለው። ፈተሹም። ቁልፉን አላገኙም፤ የእናቴን ቀረሶ አግኝተው ጣሉት።

ሰገነት ላይ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ዐም ረጀብ ይባላል፣ አጎቴ ረጀብ እንደማለት፤ ሆዱ ቀድሞት የሚወጣ፣ ቀልድ የሚወድ ሰውዬ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ደረጃው ሥር ፉል ሲበላ አልፌው ስሄድ «ነይ፣ ብዪ!» አለኝ። ሰው ጠራኝ ብዬ እጄን ታጥቤ ተቀመጥሁ። ደነገጠ። ኋላ እንደ ነገሩኝ እዚህ አገር ከአንጀት ያልሆነ ግብዣ «ዑዙመት መራክቢያ» ይባላል፤ የጀልበኛ ግብዣ ማለት ነው። ጀልበኛው ከውሃው መካከል ሆኖ ዳር የቆመውን ሰው «ና ብላ» ይለዋል አሉ፣ እንደማይደርስበት እያወቀ። ተናደድሁ። የታንኳ ሠሪ ልጅ ነኛ! አባቴ ከታንኳቸው ሆነው ሰው ከጠሩ ዳር ድረስ ቀዝፈው ዓሣውን ያቀብላሉ።

ከዚያ የፎቁ ውሃ ጠፋ።

«ዐም ረጀብ፣ ውሃ የለም» አልሁት።

«አውቃለሁ፤ መንግሥትሽ ዘግቶታል።»

«ኧረ ሞተሩ ነው የተቃጠለው! ሲጠገን አይቻለሁ።»

«ለምን ተቃጠለ? ባዶ ቧንቧ ሲስብ። ቧንቧው ለምን ባዶ ሆነ?» አለና ጣቱን ደረቴ ላይ ቀሰረ። ጎረቤቶቹ ሣቁ። ሞተሩ ተሠርቶ ለሌላው ሁሉ ውሃ ሲመጣ የእኔን ክፍል መክፈቻ ዘግቶ፣ «እናንተ ስትከፍቱ እከፍታለሁ» አለኝ። ቀልዱን ነው ብዬ ጠበቅሁ። ቀልዱን አልነበረም። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል ከልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ ከመስጊዱ የውዱእ መታጠቢያ ቧንቧ በጀሪካን እየቀዳሁ ያን ደረጃ ስወጣ ተረቱ እኔው ነበርሁ።

ቤት ስደውል ይህን ሁሉ ለአባቴ አጫውቼ ላስቃቸው አስቤ ነበር። «የት አገር ደረስሽ?» አሉኝ። «ምስር ነኝ አባዬ» አልሁ። ስልኩን ለእናቴ ሰጡ፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ ላይ አልመጡም።

«የልጄን ደም በመጠጠች አገር አጎንብሳ ሳሕን ታጥባለች» ብለዋል አሉ። ወንድሜን ቀብረው እንዳልቀበሩት ናቸው፣ እኔን ግን በቁሜ ቀበሩኝ። እናቴ ለጎረቤት «ኩዌት ናት» ብላለች። ሰው አጠገቧ ካለ ድምጿን ከፍ አድርጋ «የኩዌት ሙቀት እንዴት ነው ልጄ?» ትለኛለች፤ እኔም ስለማላውቀው አገር ሙቀት አወራለሁ። «ፎቶ እንዳትለጥፊ፣ ያ ወንዝ ከኋላሽ ይታያል» ትለኛለች። እንግዲህ ዓባይ ነው የሚደበቀው። እሱስ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ተብሏል፤ እኔ ደግሞ ያለ ግንድ እዞራለሁ።

የምሠራው ለአንዲት አሮጊት ነው። ሐጃ ሰሚራ ይባላሉ፤ እግራቸው አይታዘዝላቸውም። አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፤ ቡልጢ የሚሉትን ዓሣ በከሙን እጠብሳለሁ። ቡልጢ ያው ቀረሶ ነው፣ ስሙን ለውጦ የተሰደደ። ሐጃ ጻድቅ እንዳይመስሏችሁ፤ ፍሪጁን ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ቴሌቪዥኑ ላይ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ስለ ግድቡ ሲጮህ ወደ እኔ ዞረው «በውሃ ጥም ልትጨርሱን ነው» ይሉኛል፣ እኔው በቀዳሁላቸው ውሃ መድኃኒታቸውን እየዋጡ።

መንግሥታቸው ለእኛ ወዳጅ ነው አልልም። ያ ከረባታም የሚናገረውን በጆሮዬ እሰማለሁ፤ ደግ የሚመኝልን አይመስልም። እናንተ ጠላት ብላችሁ ብትጠሩት ለመከራከር አልነሣም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ያሲንን ማን ገደለው?

ይህን ያወቅሁት እዚሁ ሆኜ ነው። የያሲን ጓደኛ ኑሩ ያን ቀን ባጃጁ ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ፈርቶ ለማንም ሳይናገር አገር ለቀቀ፤ ሳውዲ ገብቶ ሲደላደል ደወለልኝ።

«ተኩስ መካከል አልገባነም» አለኝ። «ቁም አሉት፣ ቆመ። ወዴት ነህ? አሉት። ቤቴ ልገባ ነው ጌቶቼ አላቸው። የማን ወገን ነህ? ሲሉት ሣቅ አለ። ‹እኔ የማንም አይደለሁ፣ ባጃጅ ነኝ› አላቸው። ይህን ሲላቸው ተኮሱ፤ እኔ በኋላ በኩል ዘልዬ አመለጥሁ።»

«ከየትኞቹ ናቸው?»

«ለዓይን ያዝ አድርጓል፣ ልብሳቸው አይለይም። አነጋገራቸው ግን የኔና ያንች ነው ዘይነባ። የሰፈር ሰው ድምፅ ነው። ከዚያ ወዲያ ባሕር ዳር ሰው እንዴት አደርህ ሲለኝ እደነግጥ ነበር።»

እንግዲህ አባቴ እንዲያናግሩኝ የሚያስፈልገው ይኸው ነው ብዬ አሰብሁ። «አባዬ፣ የገደሉት እነዚህ ሰዎች አይደሉም፤ የገዛ አገራችን ሰው ነው» ብላቸው ነፃ እወጣለሁ። ከያሲን ገዳዮች ጋር እንደማልኖር ያውቃሉ፤ ልጃቸው እሆናለሁ። ስደውል ግን ስልኩን የሚያነሡት እሳቸው አይደሉም። ለእናቴ ደግሞ ይህን ነገር እንዴት አድርጌ ልስጣት?

አንድ ቀን የሐጃን ፀጉር ሳበጥር ግድግዳው ላይ ያለውን የወታደር ፎቶ ጠየቅኋቸው። ልጃቸው ነው፤ በረሃ ዘብ ቆሞ ነው የሞተው።

«ማን ገደለው?»

«የውጭ እጅ ነው አሉን።»

«የየትኛው አገር እጅ?»

«አልጠየቅሁም» አሉ። «ብጠይቅና የዚሁ ሰፈር ልጅ ነው ቢሉኝ ዳቦ የምገዛው ከማን ነው?» ከዚያ የእኔን ጠየቁኝ። ወንድሜ እንደተገደለ፣ እኛም ዘንድ የውጭ እጅ ነው እንደተባለ ነገርኋቸው።

«የማን እጅ?»

«የናንተ።»

«አስተግፊሩላህ!» ብለው ጮኹ። «እኛ የአሳንሰራችንን መብራት መቀየር ያቃተን?» ሁለታችንም ሣቅን፤ ቀጥሎ ግን እሳቸው አለቀሱ። «ማዓሌሽ» አሉኝ፣ አይዞሽ እንደማለት። ብርጭቆ ሲሰበርም ሰው ሲሞትም እዚህ የሚባለው ያው ማዓሌሽ ነው።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ደወለች። «አባትሽ ደረታቸውን ታመዋል። ከሐኪም ቤት መልሰዋቸዋል። ስልኩን ስጭኝ ብለዋል» አለችኝ። የሐጃ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። የኑሩን ቃል እንዴት እንደምነግራቸው ለወራት ሳጠናው ኖሬያለሁና አፌ ላይ ነበር።

«ዘይነባ» አሉኝ። ድምፃቸው አንሷል።

«አቤት አባዬ። እንዴት ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ። ስሚኝ ልጄ፣ ጊዜ የለኝም። አንች ካሉበት ነሽ፤ ከአፋቸው ትሰሚያለሽ። እውነቱን ንገሪኝ። ያሲንን ያስገደሉት እነሱ ናቸው፣ አይደሉም?»

ከኋላቸው የወንዶች ድምፅ ይሰማል። ሰፈሩ ሊጠይቃቸው መጥቷል። አንዱ «ቀና በሉ ሸህ፣ ትራሱን ላስተካክልልዎ» ይላል። ሌላው «ልጅቱን ከኩዌት አገኟት?» ይላል። አንዱ ያስላል፣ አንዱ ውሃ አምጡ ይላል። እጃቸውን የሚይዙ፣ ነገ ደግሞ ቃሬዛቸውን የሚሸከሙ ሰዎች ናቸው። ሁሉም እንደ እኔ ነው የሚናገሩት፤ ሁሉም እንደ ያሲን።

«ዘይነባ?»

«እነሱ ናቸው አባዬ» አልሁ።

ረጅም ትንፋሽ ወጣቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ቀጥለውም ለሰዎቹ «አላልኋችሁም? ይኸው ልጄ አረብ አገር ሆና አረጋገጠች» ሲሉ ሰማሁ። «እውነትዎን ነው ሸህ» አሉ ሁሉም። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እያወቅሽ ነዋ እዚያ የተቀመጥሽው» አሉኝ። «እንግዲህ ሞቼም ቢሆን እንዳትደውይ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ሐጃ ትራሳቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። «ማን ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አባቴ ናቸው።»

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ስትደውይ ከእኔም ሰላም በያቸው» አሉኝ። እሽ አልኋቸው።