ለድመቷ የአባቴን ስም ሰጧት

ዛሬ እዚህ ስዊድን፣ ሻርሆልመን የሚባል ሰፈር ውስጥ የሟች አባቴን ስም ለድመት ሰጡብኝ።

አዲሷን ግልገል ድመታችንን፣ ሚጡን፣ ለማስከተብ ከልጅ ልጄ ጋር የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄደን ተራ እንጠብቃለን። ነርሷ በሩን ከፈተችና ሰው ሁሉ እየሰማ «ሚጡ አያሌው!» ብላ ተጣራች።

እዚህ አገር እንስሳውን የሚጠሩት በባለቤቱ የመጨረሻ ስም ነው። የእኔ የመጨረሻ ስም ደግሞ አባቴ ናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ ድመቷ የአያሌው ልጅ ሆና ቁጭ አለች።

«በዚህ ስም አልነሳም» አልኩ።

የልጅ ልጄ በስዊድንኛ ለመነችኝ። ተራችን ካለፈ ሌላ ቀጠሮ የሚገኘው ከወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድመቷ ብትታመምስ? እኔ ንቅንቅ አላልኩም።

አጠገባችን የራሷን ድመት ታቅፋ የተቀመጠች አንዲት የወሎ ልጅ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ጋሼ፣ ይነሱ እንጂ! እትዬ ሚጡን እየጠሯቸው እኮ ነው!»

«እህት የለኝም!»

«አሁንማ አገኙ። አባትዎ ቢኖሩ ታናሽዎ ሳትከተብ ስትቀር ዝም ይሉ ነበር?»

ዝም አይሉም ነበር። ተነሳሁ።

መርፌው ሲወጋት ሚጡ ጭንቅላቷን ብብቴ ውስጥ ቀበረች። ያኔ አያቴ ድመቷን «አይዞሽ እህቴ» ብሏታል እያለች የልጅ ልጄ ዘመድ አዝማዱን በስልክ እያዳረሰች ነው።

በሰው አገር በአባቱ ስም እንዲህ የተጫወቱበት ካለ እዚህ ሥር ይጻፍ፤ አነባለሁ። እኔ ግን ስለዚህ ጉዳይ ከእንግዲህ ትንፍሽ አልልም።